ለቡድኑ ቄስ ወይስ ለተጫዋቹ የነፍስ አባት?

በዐቢይ ጾም ሰሞን ደብረ ታቦር ላይ ልምምድ የሚሠራ የኮሌጅ ሯጭ ሁለት አለቃ አለው። አንዱ አሠልጣኙ ነው፤ «ጠዋት 12 ሰዓት ሮጠህ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ ሳትቀምስ ከዋልክ ጉልበትህ ያልቃል፣ ብላ» ይለዋል። ሌላው ጾሙ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በእናቱ ቤትና በደብሩ የለመደው። ልጁ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ለአንዱ ይዋሻል። ወይ ጾሞ ሳለ «በልቻለሁ» ይላል፤ ወይ በልቶ ሳለ ቤተ ሰብ ዘንድ ሲሄድ ጾመኛ ይመስላል። የመጀመሪያው ውሸት ዋጋው በሰውነቱ፣ ሁለተኛው በኅሊናው ይከፈላል።

ጉዳዩ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ሥርዓቱን ጠብቆ ከጾመ በዓመት 180 ቀን ገደማ ይጾማል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ከጉና ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚሠለጥን ኦርቶዶክሳዊ ወጣት የዓመቱን ግማሽ የሚያሳልፈው በጾም ነው ማለት ነው። ጾሙን ያላካተተ የሥልጠና ዕቅድ የግማሽ ዓመት ዕቅድ ነው።

ታዲያ በአሠልጣኙና በጾሙ መካከል ማን ይግባ? በውጭው ዓለም ኮሌጆች ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የተለመደ መልስ አለ፤ ለስፖርት ቡድኑ ቻፕሌን፣ ማለትም የቡድን ቄስ፣ ይመደባል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ኮሌጆች እንዲህ ያለ የሥራ መደብ የለም። ሊኖርም አይገባም። ይልቅ የሚያስፈልገው ነገር በዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው፤ ለቡድኑ ሳይሆን ለተጫዋቹ የሚሆን የነፍስ አባት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የስም ብቻ ከመሰለ፣ የቡድን ቄስ ያላቸው አገሮች የገጠማቸውን ማየት ይበቃል።

▪️ የቡድን ቄስ ያላቸው ምን ገጠማቸው?

በአሜሪካ በጣም የታወቁት የቡድን ቻፕሌን ቄስ ሳይሆኑ መነኩሲት ናቸው። ሲስተር ጂን ይባላሉ። ሎዮላ ቺካጎ በሚባለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ቻፕሌን የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በ2018 ቡድኑ ሳይታሰብ ለአገር አቀፉ ውድድር የመጨረሻ አራት ሲደርስ የ98 ዓመቷ አዛውንት በተሽከርካሪ ወንበር ሜዳው ዳር ተቀምጠው የዓለም መነጋገሪያ ሆኑ። በ2025 በ106 ዓመታቸው ሲያርፉ ተጫዋቾቹ ያዘኑት እንደ አያት ነው። ለልጆቹ ይጸልዩላቸው ነበር፤ ከጨዋታ በኋላም ያበረታቷቸው ነበር።

ይህ መልካሙ ገጽ ነው። ሎዮላ የቤተ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ገብቶ የሚማርበት ሁሉ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። በሕዝብ ገንዘብ በሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ የሚሟገት አንድ የአሜሪካ ድርጅት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የእግር ኳስ ቡድኖች (የአሜሪካኖቹ ዓይነት) ውስጥ ስለሚሠሩ ቻፕሌኖች ሪፖርት አወጣ። የሪፖርቱ ዋና ክስ አንድ ነበር፤ ቻፕሌኑን የሚያመጣው አሠልጣኙ ነው፣ ማን እንደሚሰለፍ የሚወስነውም ያው አሠልጣኝ ነው።

በዋሽንግተን ግዛት ብሬመርተን በምትባል ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠልጣኝ ከጨዋታ በኋላ ሜዳው መሐል ተንበርክኮ በመጸለዩ የተነሣው ክርክር ደግሞ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሷል። ፍርድ ቤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ለአሠልጣኙ ፈረደ። በመዝገቡ ውስጥ ግን ከፍርዱ ይልቅ ልብ የሚባል ነገር አለ። አንድ ወላጅ ልጃቸው የማያምንበትን ጸሎት የተቀላቀለው የመሰለፍ ዕድሉ እንዳይቀንስ ፈርቶ እንደሆነ ለትምህርት ቤቱ ገልጸው ነበር።

ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደብረ ታቦር ላይ አሠልጣኙ «ነገ ጠዋት ሁላችሁም ኪዳን አድርሰን ነው የምንጓዘው» ቢል ማን ይቀራል? ከወሎ የመጣው ሙስሊም ተከላካይ፣ ከወላይታ የመጣችው ፕሮቴስታንት ሯጭ «አልሄድም» ለማለት ምን ያህል ድፍረት ይጠይቃቸዋል? አሠልጣኙ ክፉ አሳቢ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ጸሎቱና አሰላለፉ በአንድ እጅ ሲያዙ ጸሎቱ መመዘኛ ይሆናል።

▪️ ቡድን ጦር አይደለም

«ታቦት ይዘን ዘምተን የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ንጉሥ ሲዘምት የነፍስ አባቱ አብሮት ይዘምታል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ሄደዋል፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦትም ወርዷል። ደብረ ታቦርም የነገሥታት መቀመጫ ነበረችና ካህንና ሠራዊት አብረው ሲወጡና ሲገቡ አይታለች። ለብዙ ሰው «ቄስ ከቡድን ጋር» ሲባል የሚመጣበት ሥዕል ይህ ነው፤ ድል የሚለምን ካህን።

ስፖርት ግን ጦርነት አይደለም። ባሕር ዳር ከተማ ከፋሲል ከነማ ሲጫወት በሁለቱም በኩል ማተብ ያሰሩ፣ ሜዳ ሲገቡ የሚያማትቡ ልጆች አሉ። ሁለቱም ኪዳነ ምሕረትን ይለምናሉ። ካህኑ ለአንዱ ድል ከጸለዩ ለሌላው መንፈሳዊ ልጃቸው ሽንፈት ጸለዩ ማለት ነው። የቡድኑ ካህን ሆነው ቡድኑ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ቢሸነፍስ? ያን ጊዜ ሐሜቱ ከአሠልጣኙ አልፎ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸውም አልፎ ወደ ሃይማኖቱ ይሄዳል።

ከዚህ የባሰም አለ። ካህን ለድል ሲፈለግ ከክታብ ጸሐፊ የሚለየው ነገር እየቀጠነ ይሄዳል። በ2002 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ ላይ የካሜሩን ረዳት አሠልጣኝ የነበረው ዝነኛው በረኛ ቶማስ ንኮኖ ከማሊ ጋር ከሚደረገው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ በፊት ባማኮ ሜዳ ላይ አስማት ነገር ጥሏል ተብሎ በፖሊስ ተይዞ ነበር። አህጉሩ ሁሉ ሳቀ። ነገር ግን ጫማ ላይ ጸበል አስረጭቶ «ዛሬ ግብ አይገባብንም» የሚል ቡድን ከዚያ ምን ያህል ይርቃል? ቤተ ክርስቲያን ራሷ ጸበሉ ለዚህ አልተሰጠም ትላለች።

የደቡብ ጎንደር ባላገር ይህን ልዩነት ከድሮ ያውቀዋል። የገና ጨዋታ የሚጫወተው በጌታ ልደት ቀን ነው። ቀኑ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሜዳውም ብዙ ጊዜ ከደብሩ አይርቅም። ሆኖም ቄሱ ዱላ ይዘው ላይኛው መንደር ታችኛውን እንዲያሸንፍ አይጸልዩም። በዓሉን ይባርካሉ፣ ተጣልቶ የመጣውን ያስታርቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ከጨዋታ አጠገብ ሆና ወገን ሳትይዝ መኖር ትችላለች።

መሠረት ደፋርም ይህንኑ አሳይታለች። በ2012 እ.ኤ.አ. ለንደን ኦሎምፒክ 5,000 ሜትሩን አሸንፋ ስታበቃ ከመለያዋ ውስጥ የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ ለዓለም አሳየች። ሥዕሉ በእሷ ደረት ላይ ነበር፤ በቡድኑ መለያ ላይ የታተመ አልነበረም። ከጎኗ የሮጡትን ሁሉ የሚነካም አልነበረም።

▪️ የነፍስ አባት ሥራው ምንድን ነው?

የቡድን ቄስና የነፍስ አባት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የቡድን ቄስን የሚመርጠው ተቋሙ ነው፤ የነፍስ አባትን የሚይዘው ግን ምእመኑ ነው። የቡድን ቄስ ለሁሉም በአንድነት ይናገራል፤ የነፍስ አባት አንዱን ለብቻው ይሰማል። የቡድን ቄስ በውጤቱ ይለካል፤ የነፍስ አባት ግን ልጁ ያሸንፍ ይሸነፍ ቢያውቅም ባያውቅም ሥራው አይለወጥም።

ለወጣት ስፖርተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ከውጤቱ የሚፈልገው ነገር አለ። አሠልጣኙ ዋንጫ፣ ኮሌጁ ስም፣ ቤተ ሰቡ ገንዘብ፣ ማናጀር ነኝ ባዩ ኮሚሽን ይፈልጋሉ። ከእሱ ምንም የማይጠብቅ፣ ከሰልፍ ሊያወጣውም ሊያስገባውም የማይችል አንድ ሰው ያስፈልገዋል።

ያ ሰው ቢኖር የሚያነሣለት ጥያቄ ብዙ ነው። አንደኛው ዕድሜ ነው። በኢትዮጵያ የታዳጊ ውድድሮች ዕድሜ መቀነስ የታወቀ ችግር ነው። ልጁ በ15 ዓመቱ ሌሎች ያጻፉለትን ውሸት በ20 ዓመቱም ተሸክሞት ይዞራል። ለአሠልጣኙ ቢናገር ይባረራል፤ ለጓደኛው ቢናገር ይወራበታል። ሁለተኛው መድኃኒት ነው። «ይህን ብትወስድ ትፈጥናለህ» ያለው ሰው ካለ፣ ልጁ ከመዋጡ በፊት የሚያማክረው ይፈልጋል። ሦስተኛው ጉዳት ነው። ጉልበቱን እያመመው «ደህና ነኝ» የሚል ተጫዋች በየቡድኑ አለ።

የንስሐን ምሥጢር ያወጣ ካህን ከክህነቱ ይሻራል። ስለዚህ ልጁ የተናገረው ወደ አሠልጣኙ ቢሮ አይሄድም። ምሥጢር ጠባቂ መሆን ማለት ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይደለም። ንስሐ ማስተካከልን ይጠይቃል። ደኅና የነፍስ አባት «እግዚአብሔር ይፍታ» ብለው ብቻ አይሸኙም፤ «ሂድና ለሐኪሙ ንገር»፣ «ወረቀትህን አስተካክል» ይላሉ።

ሐዘንም አለ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ጋይንትን አዳርሶ ወደ ደብረ ታቦር ተጠግቶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ከእስቴ፣ ከስማዳ፣ ከእብናት መጥቶ ለኮሌጅ ቡድን የሚሮጥ ልጅ ሰው ያልቀበረ ቤት የመጣ ነው ብሎ መገመት አይቻልም። መንገድ ተዘግቶ ለቀብር ያልደረሰ፣ ለተዝካሩም ያልሄደ ይኖራል። ይህን ልጅ አሠልጣኙ ሰዓቱ ለምን እንደዘገየ ቢጠይቀው ምን ብሎ ይመልሳል?

ችግሩ እንዲህ ነው። የነፍስ አባት በባህሉ የቤተ ሰብ ነው። ልጁ ኮሌጅ ሲገባ የነፍስ አባቱ እዚያው ገጠሩ ደብር ይቀራሉ። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በየዩኒቨርሲቲው ያሉትን ግቢ ጉባኤያት እየደገፈ ይህን ክፍተት በከፊል ሸፍኗል። ስፖርተኛው ግን ጉባኤው ሲደረግ ልምምድ ላይ፣ እሑድ ሲቀደስ ጨዋታ ላይ ነው። ከሌላው ተማሪ ይልቅ የሚፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ ከሌላው ይልቅ የሚያመልጠውም እሱ ነው።

▪️ ሕጉ፣ ሌሎቹና ጥርጣሬው

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ይደነግጋል። በዚህ ምክንያት የመንግሥት ኮሌጅ ለቡድኑ ቄስ ቀጥሮ ደመወዝ ሊከፍል አይችልም። ተማሪው በራሱ ፈቃድ ከነፍስ አባቱ ጋር መገናኘቱን ግን የሚከለክል ሕግ የለም፤ እንዲያውም አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነጻነቱን ይጠብቅለታል። ኮሌጁ የሚጠበቅበት ቄስ ማቅረብ ሳይሆን ጊዜ አለመንፈግ ነው።

ይህ ለሌላውም እኩል ይሠራል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገባ። በ2018 ዓ.ም. አንዱ የካቲት 9፣ ሌላው የካቲት 11 ጀመሩ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ ተጫዋች በአንድ ሜዳ ላይ ሆዳቸው ባዶ ሆኖ ሮጠዋል። ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ጠያቂያቸው ግን ይለያያል። አንዱ የነፍስ አባቱን፣ ሌላው የመስጊዱን ኢማም ይጠይቃል። አሠልጣኙ የሁለቱንም መልስ ማክበር አለበት፤ መልሱን ራሱ መስጠት ግን ሥራው አይደለም።

«ቄስ ስለ ስፖርት ምን ያውቃሉ?» የሚል ጥርጣሬም ይነሣል። ተገቢ ነው። የጡንቻ መሰንጠቅን የሚያክመው ሐኪም ነው። ድብርት ላይ ለወደቀ ልጅ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስፈልገዋል። አሠልጣኝ ያስቸገራት ሴት ተጫዋች ደግሞ «ታገሺ» የሚላት ሰው አያስፈልጋትም፤ ሕግ ነው የሚያስፈልጋት፣ በመጀመሪያም ቀርባ የምትናገርበት ሴት ኃላፊ። ይህን ሁሉ «ንስሐ ግቢ» ብሎ ማለፍ በደሉን መሸፈን ይሆናል። ካህን ድንበራቸውን ማወቅ አለባቸው።

ስለ ሰውነት ግን የዚህ አካባቢ ካህናት ምንም አያውቁም ማለት ስሕተት ነው። ደቡብ ጎንደር ማለት ቤተ ልሔም የድጓው፣ ዙር አምባ የዝማሬና መዋሥዕቱ ምስክር ቤት ያሉበት ምድር ነው። በቀልዳቸው የሚታወቁት የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና የጀመሩት፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው ዝማሜ ሥር የሰደደው ደብረ ታቦር ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያ ቆሞ፣ እህል ሳይቀምስ፣ እግሩንና ትንፋሹን ከከበሮው ጋር አስማምቶ የሚያድር ሊቅ ስለ ድካም፣ ስለ ልምምድና ስለ ትዕግሥት የሚያውቀው ብዙ ነው። ከአሠልጣኙ ጋር የሚጎድላቸው አንድ ነገር ነው፤ ተቀምጠው መነጋገር።

▪️ ምን ይደረግ?

ከነነዌ ጾም በፊት ባሉት ሳምንታት የኮሌጁ የስፖርት ክፍል ኃላፊ አሠልጣኞቹን፣ የጤና ባለሙያውን፣ ተማሪዎቹን የሚያገለግሉትን ካህናትና ኢማሙን አንድ ከሰዓት በኋላ ይጥራ። ሌላ እምነት ያላቸው ተማሪዎች ካሉም አገልጋያቸው ይጠራ። አጀንዳው አንድ ነው፤ በጾሙ ወራት የልምምድ ሰዓት።

የጾም ምግብ ራሱ ችግር አይደለም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጤፍ የሯጭን ሰውነት መመገብ ይችላሉ። ችግሩ ሰዓቱና ውኃው ነው። ከባዱ ልምምድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወደ ማታ 11 ሰዓት ቢዛወር የኦርቶዶክሱ ልጅ በ9 ሰዓት ቀምሶ ይመጣል፣ ሙስሊሙም ልምምዱን ጨርሶ ብዙ ሳይቆይ ያፈጥራል። ይህ ሰዓት ማሸጋሸግ እንጂ ዶግማ መለወጥ አይደለም። ውድድር የወደቀበት ቀን ቢኖር፣ ወይም የልጁ ሰውነት እምቢ ቢል፣ ያን ጊዜ ጉዳዩ የነፍስ አባት ነው። ፍትሐ ነገሥቱ በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ይደነግጋል፤ ለታመመና ለደከመ የሚደረገውን ርኅራኄም ቤተ ክርስቲያን ታውቃለች። ጤነኛ ሯጭ እንደ ታማሚ ይቆጠራል ወይ የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ለዚህም ነው በአሠልጣኝ ትእዛዝ ሳይሆን ልጁን በሚያውቁት ካህን ምክር ሊፈታ የሚገባው።

ካህናቱም ሦስት ነገር ይጠብቁ። ከተጠባባቂዎች ወንበር ላይ አይቀመጡ፣ ከቡድኑ አበል አይቀበሉ፣ ስለ ተጫዋቹ ለአሠልጣኙ ወሬ አያቀብሉ። በምትኩ ስፖርተኛው ከልምምድ መልስ ሊያገኛቸው የሚችልበትን አንድ ሰዓት በሳምንት ይስጡ። እሑድ ጨዋታ ያለበት ልጅ ማክሰኞ ማታ የሚሰማው አባት ካገኘ ብዙ ነገር ይቃለላል።

አሠልጣኙ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይጠየቃል። ተጫዋቹ «ዛሬ ማታ የነፍስ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ» ሲለው «ምን ልትነግራቸው ነው?» ብሎ አይጠይቀው።